«ጃጅታ ነው» ብለን አንለፈው

ባለፈው እሁድ አራት ኪሎ፣ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካም ደረሰ። ስኒው ተሰብስቦ ሲያበቃ እማዬ ቀና አለችና «አቦሉን ልቅዳላችሁ?» አለች። ረከቦቱ ፊቷ ነው። አንዲት ጎረቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምን ታደርገዋለህ፣ ጃጅታ ነው እኮ» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ሁላችንም የምንለው ነው።

እኔ ግን ይህ ቃል ብዙ ሰው እየጎዳብን ነው እላለሁ። መጃጀት ካልነው የዕድሜ ዕጣ ይሆናል። ለዕጣ ደግሞ ሐኪም ቤት አይኬድም።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ዛሬ በስሙ አልዛይመር ስለሚባለው የመርሳት በሽታ ለሙያ ባልደረቦቹ ሲናገር፣ ያነሳት ታማሚ የሞተችው በ55 ዓመቷ ነው። ምኑ ነው መጃጀቱ? አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲያየው በነርቭ ሴሎቹ መካከል ዝቃጭ፣ በውስጣቸው ደግሞ የተቆላለፈ ክር አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ፣ ክሩ ታው የሚባል ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

ለረጅም ጊዜ ዋናው ትኩረት እነዚህ ሁለቱ ላይ ነበር። አሁን ግን የአንጎል ተከላካይ ሴሎችም ተፈላጊ ሆነዋል። ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ገና በፅንስነት ወደ አንጎል ይገቡና እዚያው ይቀራሉ። ዘበኛም ጽዳትም ናቸው። ቀጫጭን እጆቻቸውን እየዘረጉ ሌት ተቀን ዙሪያቸውን ይፈትሻሉ፤ የሞተ ሴል ሲያገኙ ይበሉታል። አሚሎይድ ሲከማችም ከበው ሊያጸዱት ይታገላሉ።

ችግሩ ሲያረጁና ሥራው ሲበዛባቸው ነው። ማጽዳቱ ይዳከማል፣ በምትኩ አካባቢውን የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫሉ። ጤነኛ የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበትን ቦታ ጭምር እንደሚበሉ በአይጦች ላይ ታይቷል። ትዝታ የሚያዘው ደግሞ በዚያ መገናኛ ነው።

ታዲያ ዘበኛው ተመልካች ብቻ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ጥናቶች ለዚህ መልስ አላቸው። ትሬም 2 የሚባል ዘረ መል አለ፤ አንጎል ውስጥ በዋናነት የሚሠራው በማይክሮግሊያ ነው። በዚህ ዘረ መል ላይ አንድ የተወሰነ ለውጥ ይዘው የተወለዱ ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የዘበኛው ድክመት በሽታውን የሚያግዝ ከሆነ፣ ዘበኛው የጉዳዩ ባለቤት ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒትም አሚሎይዱ ላይ ይለጠፍና ማይክሮግሊያ እንዲያጸዱት ያግዛል። አያድንም፤ የበሽታውን ጉዞ ያዘገያል። እሱም ገና ሲጀምር ለደረሱበት ብቻ ነው። እኛ «ጃጅታ ነው» እያልን የምናሳልፈው ጊዜ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሁሉም መርሳት አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ ድባቴም ያስረሳል፤ እነዚህ ይታከማሉ። የደም ግፊትን መቆጣጠርና የመስማት ችግርን መታከም የመርሳት በሽታን አደጋ ከሚቀንሱ ነገሮች መካከል ናቸው። ጆሮዋ የደከመ እናት ወሬው ሲያመልጣት ዝም ትላለች፤ እኛ ደግሞ ረሳች እንላለን።

ማክሰኞ እማዬን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ግፊቷም፣ ደሟም፣ ጆሮዋም ይታይ። የዚያን እሁድ ግን ስኒዬን ዘረጋሁላትና «ቅጂልኝ እማዬ» አልኳት።