«እንደ ልጄ ነው የማያት»

ጎረቤቶቼ ልጃቸውን ሊያገኙ ወደ ኮሎምቢያ የበረሩ ዕለት የቤታቸውን ቁልፍና ውሻቸውን ለእኔ ትተው ሄዱ። «ልጃቸው» ስል ገና ዐይን ለዐይን ያልተያዩትን፣ በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁትን የስድስት ዓመት ልጅ ማለቴ ነው። ሚስትየው መምህርት ናት፤ ባልየው የቧንቧ ሠራተኛ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው። ወሩ የሚኒሶታ ጥር ነው፤ ብርዱን ለሚያውቅ አልነግረውም፣ ለማያውቅም ብነግረው አያምነኝም። ሰውየው ግን ሻንጣ ሲጭን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ባይወደኝስ?» አለኝ። እኔ የጅማ ልጅ፣ ልጅ አሳዳጊውን ይወደዋል አይወደውም የሚለው ነገር ጥያቄ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም።

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል መርማሪ ሲመላለስባቸው ነው የከረመው። አሻራ ሰጡ። የባንክ ሒሳባቸው ተገለጠ። ሐኪም መረመራቸው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የጭስ ማንቂያውን ተጭና አስጮኸች፤ የመድኃኒት ሣጥኑ መቆለፉን አየች፤ ሙቅ ውኃው ልጅ እንዳያቃጥል እጇን ሰድዳ ሞከረች፣ ያውም በቧንቧ ሠራተኛ ቤት! ሁለቱም አገሮች የገቡበት እ.ኤ.አ. የ1993 የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት የሚባል አለ፤ በዚያ መንገድ ልጅ የሚወስድ አሜሪካዊ ቢያንስ 10 ሰዓት ሥልጠና ሳይወስድ አይፈቀድለትም። ለልጅ ማሳደጊያ ሥልጠና! እናቴ ስምንታችንን ስታሳድግ የወሰደችው ሥልጠና የአያቴ ቁንጥጫ ብቻ ነበር።

ጥያቄው እኔም ዘንድ ደረሰ። ዘመድ ያልሆነ ምስክር ያስፈልጋል ተብሎ ሦስት ገጽ መጠይቅ በፖስታ መጣልኝ። «አመልካቹ ሲናደድ ምን ያደርጋል?» ይላል አንዱ። ሰው ሲናደድ የሚያደርገውን ጎረቤት ይመሰክራል እንዴ? እኛ ጋ ጎረቤት ገላግሎ ሲያበቃ አላየሁም፣ አልሰማሁም ነው የሚለው። ብዕሬን ይዤ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩ፦ «ሲናደድ በረዶ ይጠርጋል፤ በጣም ከተናደደ የእኔንም ደጅ ይጠርግልኛል።» ሳምንት ሳይሞላ ደውለው «ምን ያህል ጊዜ ነው በጣም የሚናደደው?» ብለው ጠየቁኝ። ስልኩን ስዘጋ እኔም አካፋ አምሮኝ ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ፣ ኋላም እንቅልፍ የነሣኝ ግን አልበሙ ነው። ልጁ ከመገናኘታቸው በፊት እንዲለምዳቸው የፎቶግራፍ አልበም አዘጋጅተው ይልካሉ። የቤቱ በር፣ የሚተኛበት አልጋ፣ ውሻው፣ አያቶቹ፣ በየሥሩ በስፓኒሽ የተጻፈ ማብራሪያ። አንድ ቅዳሜ ሚስትየው ካሜራ ይዛ መጣችና ጀበናዬን ይዤ እንድቆም አደረገችኝ። ከሥሩ «ጎረቤታችን፤ ቡና የሚያፈላው» ብላ ጻፈችበት። የምን ቅብጠት ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ልጅ መጥቶ አይቶ ይለምድ የለ!

በየካቲት መጨረሻ ልጁን ይዘው ገቡ። ደጃቸው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጁ ከመኪናው ወርዶ ከአባቱ ጉልበት ኋላ ተደበቀ፤ አንድ ዐይኑን አውጥቶ አየኝ፣ አየኝና በጣቱ እያመለከተ «ካፌ!» አለ። አወቀኝ። ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ ፊቴን ሲያጠና ከርሟል።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ጅማ ገባሁ። ያረፍኩት ፈረንጅ አራዳ አክስቴ ቤት ነው። ሻንጣ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ግራም ሳይተርፍ ተመዝኖ የመጣ። ለአክስቴ ሹራብ፣ ለልጆቻቸው ጫማና ስልክ፣ ለጎረቤት ሳይቀር ቫይታሚን። ሁሉም ስሙ ተጠርቶ ወሰደ። ቀና ስል ከጓዳው በር ላይ አንዲት የአሥር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማለች። እንዲህ ያለች ልጅ በዚያ ቤት መኖሯን አላውቅም። በየሳምንቱ የምደውልበት ቤት ነው።

«ይህቺስ?» አልኳቸው።

«ልጄ ናት» አሉ አክስቴ። «እንደ ልጄ ነው የማያት። ከዴዶ ነው ያመጣኋት፤ ወላጆቿ አቅም የላቸውም። ጉዲፈቻ በለው።»

ሻንጣውን ዳበስኩት፤ ባዶ ነው። የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አውሮፕላን ላይ የሚታደለው ካልሲና የጥርስ ብሩሽ የያዘው ትንሽ ከረጢት ነበረ። እሱን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ጎንበስ አለችና ጓዳ ገባች። ካልሲው ለእሷ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል።

ከዚያ ቡና ተፈላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱንም ዙር ስኒ አጥባ ያቀረበች እሷ ናት። በጠሯት ቁጥር አቤት ትላለች፤ ስሟ ቤቱ ውስጥ «አንቺ» ነው። «እንደ» የምትባለው ቃል በየቤታችን ስንት ሥራ እንደምትሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው። ልጅቱን ያህል ትሠራለች።

የሚቆጨው ደግሞ ቃሉ የዚያው አገር ቃል መሆኑ ነው። ጉዲፈቻን አማርኛ የወሰደው ከኦሮምኛ ነው፤ ሥሩ ማሳደግ ነው። በወጉ የተደረገ ጉዲፈቻ ልጁን ከአብራክ ከወጣው እኩል ያደርገዋል፤ ስም ይሰጣል፣ ውርስ ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ቃል ወስዶ ፍርድ ቤት ያጽድቀው፣ ለልጁ የሚበጅ መሆኑን ይመርምር ብሏል። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ስሙን ብቻ ነው።

እኔም የሚኒሶታ መጠይቅ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ጠየቅኋ! ዕድሜዋ ስንት ነው? አይታወቅም። ስንተኛ ክፍል ናት? «ማታ ትማራለች፤ ማለት ለመስከረም ትገባለች።» እናቷን መቼ አየች? የት ነው የምትተኛው? እዚህ ላይ ሹራቡ ወለቀ።

«አንተ አሜሪካ የሄድከው ልትሠራ ነው ወይስ ልትመረምር?»

ሦስት ቀን ተኮረፍኩ። ቤቱ በፋሲካ ዝም አለ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውለው 350 ኪሎ ሜትር ሙሉ ተቆጡኝ። ሽማግሌ ገባ፤ አጥፊው እኔ ሆኜ ተገኘሁ፤ ካሣውም በግ ሆነ። የበጉን ዋጋ አልነግራችሁም፤ የዳያስፖራ ዋጋ ነው። በሽምግልናው መሀል አንዱ የአክስቴ ልጅ ያመጣሁለት ስልክ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ አስታወሰኝ። በጉን ስንበላ እጅ ያስታጠበችን ያቺው ልጅ ናት። እጄን ዘርግቼ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ፈረንጅ ጠያቂ ስለሆነ ጻድቅ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ በዚያን ጊዜ ከቦሌ ስትነሡ ከጎናችሁ ፈረንጅ ሕፃን አዝሎ የማይቀመጥበት በረራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ መጠይቅ ተሞልቶ፣ ያ ሁሉ አሻራ ተሰጥቶ በሄደችበት አንዲት ታዳጊያችን እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞታለች፤ ባልና ሚስቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈረደባቸው። ፓርላማችን በእኛ አቆጣጠር ጥር 2010 ላይ ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ ጉዲፈቻን ሲያግድ ያጨበጨብነው በከንቱ አይደለም። እኔም አጨብጭቤያለሁ። «ልጆቻችን በቤታችን ያድጋሉ» ብለን ነበር። በማን ቤት፣ በየትኛው ክፍል የሚል አልነበረም።

ጅሬን መንገድ ላይ በርጩማ የሚጠርብ አብሮ አደጌ አለ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ጉዲፈቻ መሆኑን የሰማሁት በጎልማሳነታችን፣ አባቱን ስንቀብር ነው፤ ያውም አንድ ሽማግሌ አምልጧቸው። የቡና መሬቱን ከእኅቶቹ እኩል ተካፍሏል። ማንም ያላወቀው ማንም ስላልጠየቀ ነው፤ የሚጠየቅ ነገርም አልነበረበትም። የአክስቴንም ቤት ማንም አልጠየቀም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ቤቶች አንድ ናቸው፤ አጥር፣ ጀበና፣ ደጅ ላይ የሚሮጥ ልጅ።

ተመለስኩ። ኮሎምቢያ ልጁን ሰጥታ አልረሳችውም፤ ለሁለት ዓመት ሪፖርት ትጠይቃለች። ባለፈው ቅዳሜ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ መጣች። ልጁ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እየቀላቀለ አልጋውን፣ ጫማውን፣ ውሻውን አንድ በአንድ አስጎበኛት፤ ከዚያ አጥሩን አልፎ እኔንም ሊያስጎበኛት አመጣት። ቡና አፈላሁላት። ስንተኛ ክፍል እንደገባ፣ ሌሊት ይባንን እንደሆነ፣ ሲያለቅስ ወደ ማን እንደሚሮጥ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ አልተናደድኩም።

እሷ ስትወጣ ጅማ ደወልኩ። አክስቴ አነሡ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ አወራን። ከዚያ ልጅቱን ስሟን ጠርቼ፣ «እስኪ ያገናኙኝ» አልኳቸው።

«ማንን?» አሉኝ። ስሙን ደገምኩላቸው። ጥቂት ዝም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምነው? ምን ወስዳብህ ነው?»