ብዥታው ጫጫታ አይደለም
ኤክስሬይ በክሪስታል ሲበተን በሚገኘው ምስል ላይ፣ በብራግ ነጥቦች (በደማቆቹና ስል በሆኑት ነጥቦች) መካከል ብዥታ ይታያል። ስለዚህ ምስል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዥታው «የመሣሪያው ጫጫታ ስለሆነ ተቀንሶ ይጣል» ብሎ መምከሩ ትልቅ ስህተት ነው። ነጥቦቹ የሚነግሩን የአተሞቹን አማካይ አቀማመጥ ብቻ ነው፤ አንዱ አተም ከቦታው ሲዛነፍ ጎረቤቱም አብሮት መዛነፉን የምናውቀው ከብዥታው ነው። መቀነስ ያለበት አየሩ የሚበትነው ጨረር ነው፦ ክሪስታሉን አውርዶ፣ በዚያው የጊዜ ርዝመት የባዶውን ቦታ ምስል ማንሳት። ብዥታው ክሪስታሉ «ወደ 100 ኬልቪን ሲቀዘቅዝ ይጠፋል» ላሉት አንባቢዎች፦ የሚደክመው ከሙቀት ንዝረት የመጣው ነው፣ እሱም ጨርሶ አይጠፋም። ከአተሞች መተካካት (አንዱ ዓይነት አተም የሌላውን ቦታ ከመያዙ) የመጣው ግን በአብዛኛው ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ በ300 እና በ100 ኬልቪን ምስል አንስቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ናሙናው ውስጥ ብረት (Fe) ካለ ከመዳብ የሚመነጭ ኤክስሬይ አይሆንም፤ ብረቱ ራሱ በ6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኤክስሬይ እያበራ ምስሉን ያጥለቀልቀዋል። ከሞሊብዲነም የሚመነጨውን ተጠቅሞ የዲቴክተሩን (የጨረር መቀበያውን) የኃይል ገደብ፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለውን ጨረር የማይቆጥርበትን ወሰን፣ ወደ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ማድረግ ይሻላል።