ወደ ግድግዳው ጉዞ

ዲሴምበር ላይ ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በሐበሻ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። መንገዱ ግግር በረዶ። እናም የብስክሌቴን የኋላ ጎማ ፈትቼ፣ ብስክሌቱን የቤት ውስጥ መለማመጃው (ባለበት ቆሞ ፔዳል የሚያስመታው መሣሪያ) ላይ አስሬ፣ ሳሎኔ ውስጥ ፔዳል እመታለሁ። ወዴት? ወደ ግድግዳው!

ኧረ በናታችሁ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚወደደው? ውጭ ሲሆን ቁልቁለት አለ፣ እግር ያርፋል። ንፋሱም ላብ ያደርቃል። እዚህ ግን ቬንትሌተር ከፍቼም ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ መሪውን ያርሰዋል። ከስር ያነጠፍኩት ፎጣ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ስክሪኑ ላይ የፈረንሳዩን አልፕ ደዌዝ ተራራ እወጣለሁ፤ 21 መታጠፊያ አለው። አራተኛው ላይ ሰዓቴን ሳይ ገና 15 ደቂቃ!

እማዬ በቪዲዮ ደውላ አየችኝ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ላብ አፍስሰህ የት ደረስክ?» ምን ልበላት?

በጋው ሲያልቅ «በሳምንት 4 ቀን!» ብዬ ፎክሬ ነበር (ለሚስቴ ጭምር፣ ያውም ሁለቴ)። አሁን ጫማውን ለማጥለቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ትናንትማ ጭራሽ መሪው ላይ እርጥብ ካልሲ አሰጣሁበት።