ጥንቡ ላይ መርዝ አትነስንሱ

ጅብ ጥጃ በላብን ብላችሁ የተረፈው ሥጋ ላይ የተባይ መድኃኒት የምትነሰንሱ፣ ውሻ በዛብን ብላችሁ የተመረዘ ሥጋ በየጥጉ የምትጥሉ ወገኖች፣ መርዙን ማን እንደሚበላው አስባችሁት ታውቃላችሁ? ጅብ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ጥንብ አንሳ ግን በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተለዋል። ስለዚህ ለአንድ ጅብ ያጠመዳችሁት መርዝ ጅቡ ከጉድጓዱ ሳይወጣ የአሞራውን መንጋ ይፈጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ ሕገ ወጥ አዳኞች ሬሳቸውን በመረዙት ሦስት ዝሆኖች ላይ ከ530 በላይ ጥንብ አንሳዎች አልቀዋል።

በቄራ ዙሪያና በቆሻሻ መጣያ የምታዩትን ትንሹን ቡናማ ጥንብ አንሳ እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ክብደቱ ከ1.5 እስከ 2.6 ኪሎ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ግን ከ1 ሜትር ተኩል ያልፋል። ላባ የሌለው ፊቱ ሲረጋጋ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ሲሻማ ወይም ሲቆጣ ደም ይመስላል። ምንቃሩ ቀጭን ስለሆነ የበሬ ቆዳ መቅደድ አይችልም። ትልልቆቹ አሞሮች ቀድደው እስኪጠግቡ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ የአጥንት ስንጥቅ ውስጥ የቀረችውን ሥጋ እየጎረጎረ ያወጣል። ትልና ዓይነ ምድር ሳይቀር ይለቅማል። የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ እጅግ ብርቱ በመሆኑ እኛን አልጋ ላይ የሚጥለን አብዛኛው ተህዋስ እዚያ ይሞታል። ይህን ሥራ ማንም ደመወዝ ከፍሎ አያሠራውም፤ እኛም ምስጋና ነፍገን ስሙን ስድብ አድርገነዋል።

ይህ ወፍ ዶሮ አይደለም፣ በ21 ቀን አንድ ጉያ ጫጩት አይፈለፍልም። ረጅም ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው። መታቀፉ ከ46 እስከ 54 ቀን ይፈጃል። ጫጩቱ ጎጆው ውስጥ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል፤ መብረር ከጀመረም በኋላ ወላጆቹ ለወራት ይመግቡታል። አንድ ጥንድ በዓመት ከአንድ ልጅ በላይ አያሳድግም ማለት ነው፤ እንቁላሉ ከተሰበረ ወይም ዛፉ ከተቆረጠ ያም የለም። በአንድ ቀን የመረዛችሁትን መንጋ ለመተካት የሚፈጀውን ዘመን ራሳችሁ ቁጠሩት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጎራ የመደበው ይኸው በየቄራው ስለምናየው የበዛ የሚመስለን ወፍ ነው።

«ውሻው ይጥፋልኝ እንጂ አሞራው ምን አገባኝ» የምትሉ አላችሁ። ስትሪክኒን በተባለው መርዝ የሞተ ውሻ ሬሳው መርዝ እንደያዘ ይቆያል፤ የሚበላውንም ይገድላል። ጥንብ አንሳው ሲያልቅ ደግሞ ጥንቡ ለቀሩት ውሾች ይተርፋል፣ ይበላሉ፣ ይራባሉ። ህንድ ይህን አይታዋለች፤ ጥንብ አንሳዎቿ ሲያልቁ የውሻው ቁጥር አሻቀበ። ውሻ የምትመርዙት የእብድ ውሻ በሽታን ፈርታችሁ ከሆነ፣ በሽታውን የሚገታው ክትባት ነው፤ ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ለጅቡም መፍትሔው የማታ በረት፣ ከፍ ያለና የጠበቀ የእሾህ አጥር ነው። አጥሩ ሲሳሳ ጅብ ገባ ብሎ መርዝ ፍለጋ መሮጥ ስንፍና ነው።

የተመረዘ ጥንብ ምልክት አለው። ሬሳው ላይ የሞቱ ዝንቦች ረግፈው ታገኛላችሁ፤ አጠገቡም ጥፍራቸውን እንደጨበጡ የሞቱ ወይም ክንፋቸውን ጥለው የሚንገዳገዱ አሞሮች። በባዶ እጅ አትንኩ፣ ውሻችሁንና ልጆቻችሁን አርቁ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ንገሩ። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ጥንቡም የሞቱት አሞሮችም አብረው ይቃጠሉ ወይም በጥልቅ ይቀበሩ፤ ሜዳ ላይ ከተተዉ ሁለተኛ ዙር ሞት ያመጣሉ።

ሁሉም ሬሳ ለአሞራ ይተው አላልንም። በድንገት የሞተ፣ ቶሎ የተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈስ ከብት በአባ ሰንጋ ይጠረጠራል። አትግፈፉት፣ አትክፈቱት፤ ደሙ አየር ሲያገኝ ተህዋሱ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ዘር ይሆናል። ባለሙያ ጥሩ፤ በቦታው ይቃጠል ወይም ቢያንስ 2 ሜትር ጥልቀት ይቀበር።

ለታመመ በሬ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የምታስወጉም ስሙ። የህንድን አሞሮች የጨረሰው ይኸው መድኃኒት ነው፦ የታከመው ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ከ95 በመቶ በላይ ካለቁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል ከለከሉ። ለተመሳሳይ ሕመም ሜሎክሲካም ይሠራል፤ አሞራውንም አይጎዳም። ሐኪሙን «ሜሎክሲካም» ብላችሁ ጠይቁት፤ ዲክሎፌናክ ተወግቶ የሞተ ከብት ካለባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቅበሩት።