ፋብሪካው ተከፈተ፤ ውሃውስ?

ዳላስ የሚኖር አብሮ አደጌ ሰሞኑን ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ «አንተ፣ ይሄ የአክሲዮን ነገር አልገባ አለኝ» ብሎ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአዮፊናን አክሲዮን ገዝቷል። አዮፊና ኦክላሆማ ውስጥ አዮዲን የሚያመርት ትንሽ ኩባንያ ነው፤ አክሲዮኑ የሚሸጠው ግን ለንደን፣ ኤይም በሚባለው የትናንሽ ኩባንያዎች ገበያ ነው። «አዲስ ፋብሪካ ከፈትን ባሉ ቁጥር ከፍ ይላል ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ ወይ ይተኛል፣ ወይ ይወርዳል። ፋብሪካ እየጨመረ የሚወርድ ድርጅት የት አይተሃል?»

አይቻለሁ። ገንዘቤን አስገብቼ ነው ያየሁት፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

አዮዲን ሲባል እኛ አገር ቀድሞ የሚታሰበው ጨው ነው። በ1998 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ ጨው ቀረ፣ አዮዲን ያለው ጨው ከገበያ ጠፋ፣ ከዚያ የአፍዴራ ጨው ቦታውን ያዘ፤ በ2011 መንግሥት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ አውጥቶ አስገደደ። ለዓለም ገበያ ግን ጨው ትንሽ ደንበኛ ነው። ትልቁ ገዢ የራጅና የሲቲ ስካን መድኃኒት ነው። ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ያውቀዋል፤ መርፌው ሲገባ ከጉሮሮ ጀምሮ መላ ሰውነትን የሚያለብሰው ድንገተኛ ሙቀት ከዚህ መድኃኒት ነው፤ ደም ሥሩን በምስሉ ላይ ነጭ አድርጎ የሚያሳየው ደግሞ ውስጡ ያለው አዮዲን ነው። የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን፣ የቁስል ማጠቢያ፣ የከብት መኖ ይከተላሉ። ታማሚ ደግሞ አዮዲን ተወደደ ብሎ ምርመራውን አይተውም። ስለዚህ ለሸቀጡ ገዢ ይጠፋል ብዬ አልሰጋም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው።

አዮፊና የሚያመርትበትን መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ባለአክሲዮን ይህን ዘሎ ነው ወደ ዋጋው የሚሮጠው። የነዳጅ ጉድጓድ ነዳጅ ብቻ አያወጣም። ኦክላሆማ ውስጥ ከአንድ በርሜል ነዳጅ ጋር አሥር በርሜል ጨዋማ ውሃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚያወጡ ጉድጓዶች አሉ። ለነዳጅ ኩባንያው ይህ ውሃ ዕዳ ነው፤ በቱቦ ሰብስቦ፣ ገንዘብ አውጥቶ መልሶ ምድር ውስጥ ይጨምረዋል። የአዮፊና ፋብሪካ የሚተከለው ውሃው ከመቀበሩ በፊት በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ውሃው አሲድ ይገባበታል፤ ኦክሲዳይዘር ተጨምሮ ሟሙቶ የነበረው አዮዲን ይለቀቃል፤ በማማው ውስጥ አየር ሲነፋበት ተኖ ይወጣል፤ ሌላ ማማ ውስጥ ተይዞ በመጨረሻ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ግራጫ ፍሬ ይሆናል። ውሃው ወደ ባለቤቱ ተመልሶ ይቀበራል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ቶን ውሃ ውስጥ 50 ግራም አዮዲን ቢኖር (ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም አለ) አንድም ግራም ሳይባክን አንድ ኪሎ ለማግኘት 20 ቶን ውሃ ማለፍ አለበት። 100 ቶን አዮዲን ለማምረት ሁለት ሚሊዮን ቶን ውሃ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ የሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ጉድጓድ የሚቆፍረውም የነዳጅና የጋዝ ዋጋ አይቶ ነው እንጂ ለአዮዲን ብሎ አይደለም።

የጓደኛዬን ጥያቄ የሚመልሰው ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ነው። በማርች 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ጃፓን ከቺሊ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ አዮዲን አምራች ናት፤ አብዛኛውን የምታወጣው ቺባ ከሚባለው ግዛት፣ ከጋዝ ጋር ከሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው። ገበያው ደነገጠ፣ ዋጋው ተተኮሰ፣ በ2012 ኪሎው ከ60 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። አዮፊና በዚያው ሰሞን ኦክላሆማ ውስጥ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ እየተከለ ነበር። የለንደን ባለአክሲዮን ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣ፦ ይህን ያህል ፋብሪካ፣ እያንዳንዱ ይህን ያህል ቶን፣ ቶኑ በዚያ ዋጋ። በ2013 አንዱ አክሲዮን ከሁለት ፓውንድ በላይ ወጣ። ትርፉ ገና አልመጣም፤ የተገዛው ማባዣው ነበር።

ከዚያ ቺሊዎቹ መጡ። ኤስኪውኤም የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ ከአታካማ በረሃ አለት የሚያወጣው አዮዲን ብቻ ከአዮፊና ምርት ሃያ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እነሱ ገበያቸውን ላለማስነጠቅ ሲወስኑ ዋጋው ቁልቁል ሄደ፤ በ2017 ኪሎው 20 ዶላር አካባቢ ደረሰ። በመሐል የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፣ በ2016 መጀመሪያ በርሜሉ ከ30 ዶላር በታች ነበር፤ ቁፋሮ ሲቆም ውሃውም ቀነሰ። ይህም አልበቃ ብሎ ኦክላሆማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ውሃውን መልሶ መቅበሩ ነው ምድሪቱን የሚያነቃንቃት ተባለ፤ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኩባንያዎቹ የሚቀብሩትን መጠን እንዲቀንሱ አዘዘ፤ በሴፕቴምበር 2016 ፖኒ በተባለች ከተማ አቅራቢያ 5.8 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረት ለአዮዲን ባለአክሲዮን የተተረተ ይመስላል። በእነዚያ ዓመታት አክሲዮኑ ከ20 ፔንስ፣ ማለትም ከአንድ ፓውንድ አንድ አምስተኛ፣ በታች ወርዶ ነበር።

የፋብሪካዎቹ ስም ቁጥር ነው፦ አይኦ ሁለት፣ አይኦ አራት፣ አይኦ ሰባት እያለ ይሄዳል። አይኦ ዘጠኝ በ2023 አጋማሽ ሥራ ጀመረ። የዚያኔ አዲስ ሰው ቁጥሩን አይቶ ዘጠኝ ፋብሪካ እየሠራ ነው ይል ነበር። አይደለም። ውሃቸው የነጠፈባቸው፣ የቆሙ፣ የተዘጉ አሉ። ዘጠነኛው ሲከፈት ከፊሉ ምርቱ የሚሄደው የሌላውን ጉድለት ለመሙላት ነው። «አዲስ ፋብሪካ» ከሚለው ዜና ላይ ይህ ካልተቀነሰ ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ የ2013ቱ ሒሳብ ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። በእኛው ሚሌኒየም ማግሥት፣ 2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ አክሲዮን ያልገዛ ሰው እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። እኔም የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሊያቋቁም የተነሣ አንድ ድርጅት አክሲዮን ገዛሁ። የመጀመሪያው ዓመት ስብሰባ አዳራሽ ሞልቶ ነው የተካሄደው። በየወንበሩ ላይ ውሃና የታሸገ ቆሎ ተቀምጧል። መድረክ ላይ ማሽኑ በፎቶ ታየ፤ ጂቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰማያዊ ኮንቴነር፣ ከጎኑ ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አጣጥፈው። ጭብጨባው አሁንም ይሰማኛል። ሁለተኛ መስመር ይጨመራል ተባለ፤ ደግሞ ተጨበጨበ። ከኋላ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ማሽኑን አየነው፣ ጥሩ ነው። ኑጉስ?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው «አባታችን፣ ኑግ በአገራችን ሞልቷል» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ፋብሪካው ተተከለ። ሁለተኛው መስመርም ተገዛ። ኑጉን ግን ላኪው ከገበሬው ላይ በተሻለ ዋጋ እየወሰደው ማሽኑ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ ሸራ ለብሶ ይውላል። እስከ ዛሬ የደረሰኝ ትርፍ ያችው የቆሎ ከረጢት ናት። አዛውንቱን ግን አልረሳኋቸውም። አዲስ አበባ ላይ በ2025 መጀመሪያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ሲከፈት፣ ከ47 ሺህ በላይ ሰው የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን አንዱን በ300 ብር ሒሳብ ገዛ ሲባል፣ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ገዢ ውስጥ ስንቱ እንደ እሳቸው ይጠይቅ ይሆን?

አዮፊናም ዘንድ ጥያቄው ይኸው ነው፣ ኑጉ ውሃ ከመሆኑ በቀር። አንድ አዲስ ፋብሪካ ሲታወጅ እኔ ባለአክሲዮን ብሆን ሪባን ሲቆረጥ የተነሣውን ፎቶ ትቼ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ባለ ነዳጁ ማን ነው፣ በዚያ አካባቢ አሁንም እየቆፈረ ነው ወይስ የድሮ ጉድጓዶቹን እያለበ ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ነው፣ ውሃው ቢቀንስስ ማን ይከስራል? ውሃው ውስጥ ያለው አዮዲንስ ተለክቷል ወይ፣ ለምን ያህል ጊዜ? አዲስ ጉድጓድ ሲከፈት መጀመሪያ ብዙ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ተለክቶ ለአሥር ዓመት የተባዛ ቁጥር የሚያታልለው ለዚህ ነው።

ሰዎች የሚረሱት ሌላም አለ። ኩባንያው ያመረተውን አዮዲን በሙሉ ጥሬውን አይሸጥም፤ ከፊሉ ኬንታኪ፣ ኮቪንግተን ወዳለው የኬሚካል ፋብሪካው ሄዶ ለቀለምና ለእንጨት መከላከያ የሚሆን ምርት ይሆናል። ስለዚህ ኦክላሆማ ላይ የተመረተ ኪሎ በዚያው ስድስት ወር ሒሳብ ላይ እንደ ሽያጭ ላይታይ ይችላል። ሽያጩ በ2023 ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ ለዚህ ያህል መጠን ላለው ድርጅት ትንሽ አይደለም። ግን ኬሚካሉም፣ ኤሌክትሪኩም፣ ደመወዙም አብሮ ጨምሯል፣ የሚቀጥለው ፋብሪካ ወጪም ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱ ዶላር ተመልሶ ብረት እየሆነ ሲተከል ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ ቢያልቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን በዚህ ከጓደኛዬ እለያለሁ። ውሃው እየነጠፈ የሚሄድ ድርጅት አዲስ ፋብሪካ መትከሉን ካቆመ መሞት ጀመረ ማለት ነው። ከትርፉ ላይ ቀንሶ መትከሉ፣ ተበድሮ ከመትከል ይሻላል። በ2013 የተወሰደውና ወደ አክሲዮን ሊለወጥ የሚችለው ብድር ለዓመታት አንገት አስደፍቶት ነበር።

የተስፈኞቹንም ክርክር አልንቀውም። ፋብሪካዎቹ ትንንሽና በየክፍሉ የሚገጣጠሙ ናቸው፤ አንዱ ቦታ ሲነጥፍ ዕቃው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊያገለግል ይችላል። የቺሊው በረሃ ፋብሪካ እንዲህ አይነቀልም። ቺባም እንደልቧ ማስፋት አትችልም፤ ውሃው ሲሳብ መሬቱ ስለሚሰምጥ በገደብ ነው የሚያወጡት። አዮዲኑ ደግሞ ካለፈው ውድቀት ወጥቶ በ2023 በኪሎ 60 እና 70 ዶላር መካከል ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ከዓለም ምርት ሁለት በመቶ አካባቢ ብቻ ድርሻ ያለው አምራች ሌሎች የወሰኑትን ዋጋ ተቀባይ ነው፤ ኤስኪውኤም የባሕር ውሃ ወደ በረሃው እየሳበ ምርቱን ለመጨመር በያዘው ዕቅድ ላይ እሱ ድምፅ የለውም። ዋጋው ባለበት ይቆያል ብሎ የሚያስላ ባለአክሲዮን የቺሊዎቹን ልብ አውቃለሁ እያለ ነው። ባለፈው አላወቀውም።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ልሽጠው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ! ባለ ነዳጁ ዘንድሮ እየቆፈረ ነው?»

«እሱን ማን ይነግረኛል?»

«የቁፋሮ ፈቃዱ የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ በነፃ ነው። ከፈለግክ ደግሞ ዳላስ አይደለህ እንዴ? ኦክላሆማ ሲቲ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው።»

ሳቀ። «እሺ» አለ፣ «ቅዳሜ ሥራ የለኝም።»