ይድረስ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች በገመድ ለሚያገናኙት ለክቡር ስዊች

መዝገብ ቤት፣ ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የማክሰኞውን ውርደት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ናፍቆቱ ግን ማክሰኞ ጠዋት በጣም ጠንቶብን ነበር።

መብራት ሄደ። ይህ ዜና አይደለም፤ ቡናው ሳይፈላ ተመልሷል። እርስዎም አብረው ተመለሱ፤ ማን እንደሆኑ ግን ረስተው። እርስዎን ለማናገር ደግሞ ደጅ መጥናት አለ። ላፕቶፕን ከእርስዎ ጋር ፊት ለፊት የምታነጋግረው ያቺ ሰማያዊ የኮንሶል ገመድ እስቶር ናት። የዕቃ መጠየቂያው ሞዴል 20 ተሞላ፣ ተፈረመ። የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 እንዳይቆረጥ እስቶር ኪፐሯ ለቅሶ ሄዳለች። ቀሪውን ያውቁታል።

ገመዱ በስንት ልመና ተገኝቶ፣ ላፕቶፔም መሰኪያው ስለሌለው መቀየሪያ ተውሼ፣ በ9600 ፍጥነት ገባሁ። እርስዎም እንደ አዲስ ቅጥር፣ «የመጀመሪያውን ማዋቀሪያ ልጀምር? ይስ ወይስ ኖ?» አሉኝ። ከመስታወቱ ማዶ ከመሐል ሜዳና ከእነዋሪ የመጣው ሰልፈኛ ሁሉ ያየናል።

«ኖ» እንዳልኩ ኃላፊዬ «ቆይ እስቲ፣ እኔ ልየው» ብለው ኪቦርዱን ወሰዱ። ስልጠና ወስደዋል። «ሾው» (አሳየኝ) ሊሉ ፈልገው ሁለት ፊደል አቀያየሩ። ሰው ቢሆን «ምን አሉኝ ጌታዬ?» ይላል። እርስዎ ግን ያን የተጣመመ ቃል የሆነ ኮምፒውተር ስም ነው ብለው ፍለጋ ወጡ! «ትራንስሌቲንግ» ብለው በ255.255.255.255 ሰፈሩን ሁሉ መጣራት ጀመሩ። አቤት የሚል የለም። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ኃላፊዬ ወደ ሰልፉ ዞረው፣ «እየሠራ ነው፤ ትንሽ ታገሡ» አሉ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ ተጭኜ ላስቆምዎ እጄን ብሰድ፣ «አትንካው! እየሠራ ያለውን ልታበላሽ ነው?» ተባልኩ፤ ጮክ ተብሎ። በርኖስ የደረቡ አንድ አባት ከመስታወቱ ማዶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እኮ ብያለሁ፣ ልጁ ነው የሚያበላሸው።»

«ኖ አይፒ ዶሜይን-ሉካፕ»፣ ማለትም ያላወቁትን ቃል ስም ነው ብለው አይፈልጉ፣ የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም። ነበረችም። ከሌላው ሁሉ ጋር ጠፋች እንጂ።

አሁንስ አንቱታው ይቅር። ስማ! የተከሉህ ሰዎች ሁሉን ጽፈው፣ ርክክብ አስፈርመው፣ ክፍያቸውን ይዘው ሄዱ። የጻፉት ግን ረኒንግ-ኮንፊግ ላይ ነው፤ ራም ላይ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ በሚሄደው። «ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» ብሎ መብራት ቢሄድም ወደማይረሳው ወደ ኤንቪራም ማሻገር ብቻ ነበር የቀራቸው። «ራይት» ብቻ ቢሉህም ይበቃህ ነበር። አንተ ደግሞ ዝም! አንድ ፊደል ስንስት ከሥሩ ቀስት አቁመህ «ኢንቫሊድ ኢንፑት» ለማለት ማን ይቀድምሃል? «ሪሎድ» (ጠፍተህ ተነሣ) ሲሉህ «ለውጡ አልተቀመጠም፣ ላስቀምጠው?» ትል የለ? «ኤግዚት» ብለው ሲወጡ ግን ምላስህ ተቆለፈ። መብራት ሲሄድ ያስፈቅድ መስሎህ ነው?

የቪላኖቹን፣ የየክፍሉን ኔትወርክ የምትለይባቸውን፣ ስም አልረሳህም፤ እነሱ መብራት ሲሄድ በማይጠፋው ፍላሽ ላይ ናቸው። ፋይናንስ አለ፣ መዝገብ ቤትም አለ። የትኛው ፖርት (የገመድ መሰኪያ) የማን እንደሆነ ግን ጠፍቶህ ሁሉንም ቪላን 1 ውስጥ አጎርካቸው። ወደ ሰርቨሩ የሚያሻግረው ፖርትም ትራንክነቱን፣ የብዙ ቪላን የጋራ መንገድ መሆኑን፣ ረሳ። በሩ ላይ «ሲስተም የለም» ተለጠፈ። ለአንድ ወረቀት ብለው ከመሐል ሜዳ በሌሊት የተነሱ እናት «ነገ ይምጡ» ተባሉ። ነገ! ማደሪያው በማን ነው? የመኪናውስ ሒሳብ? ማንም አልነገራቸውም። አንተም አረንጓዴ መብራትህን እያርገበገብክ ቁጭ ብለሃል።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ስሜታዊ ሆንኩ። ወደ ቀድሞ ቅሬታዎች ልመለስ።

ኮንፊግ (ማዋቀሪያው) ውስጥ ሆነን «ሾው» ስንልዎ፣ «ዱ»ን ካላስቀደማችሁ አላውቃችሁም ይላሉ፤ ልክ መስኮት 3 ላይ ተሰልፈን ስንደርስ «መስኮት 5 ሂዱ» እንደሚለን ሰውዬ።

ገጽ በሞላ ቁጥር «ሞር» እያሉ ስፔስ ስላስደበደቡን አላነሳም።

ያ ባልደረባችን የቤቱን ራውተር አምጥቶ የሰካ ዕለት ደግሞ ፖርቱን ቀርቅረው ብርቱካናማ አበሩ። እሺ፣ ጥፋት ነው። ራውተሩ ተነቅሎ ሄደ፤ እርስዎ ግን አሁንም አኩርፈዋል። የዘጉትን እኛ በ«ሻትዳውን» እንደገና ዘግተን፣ ከዚያ «ኖ ሻትዳውን» ብለን ለምነን ነው የከፈቱት።

ውለታዎን ግን አልክድም። በሐምሌ ብርድ መዝገብ ቤት ውስጥ ሙቀት ያለው እርስዎ ጀርባ ብቻ ነው። የመዝገብ ቤቷ እትዬ እርጥብ ነጠላቸውን የሚያሰጡት እዚያው ነው።

ማምሻውን፣ ሰልፉም ኃላፊዬም ከሄዱ በኋላ፣ ፖርቶችዎን እያንዳንዳቸውን ወደየቪላናቸው መለስኩ። ትራንኩንም አስታወስኩዎ። «ራይት» አልኩ። በቅንፍ «ኦኬ» አሉኝ። የሳምንቱ ሪፖርት ላይ «የኔትወርክ ችግሩ በኃላፊው የቅርብ ክትትል ተፈቷል» ይላል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእስቶር፣ ገመዱን በሞዴል 19 ገቢ እንዲያደርጉልን
መብራት ሲሄድ በባትሪ ለሚያቆዩን ለዩፒኤስ፣ ባሉበት (ጨረታ ላይ)