ይድረስ ለክቡር የሞተር መንተባተብ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ከቤቴ ከወጡ ዛሬ አምስተኛ ቀንዎ ነው፤ አንድም ሌሊት ውል ብለውብኝ አያውቁም። ብዕር ያስነሣኝ አብረን የከረምንባቸውን አሥራ አንድ ቀናት ሒሳብ ሳናወራርድ መለያየታችን ነው።

የተዋወቅንበትን ቀን ያስታውሱታል? ቅዳሜ ነበር። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች፤ እኔ በግቢያችን ውስጥ ከመኪናዬ ሥር በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ኮድ 2 ናት፣ አውቶማቲክ፣ ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል። የካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ዘይቷን በገዛ እጄ ልቀይር ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ለጋራዥ የሚከፈለው ገንዘብ ቆጭቶኝ ነው፤ ደግሞስ ዘይት መቀየር ምን ጥበብ አለው? ከታች ይፈታል፣ ይፈሳል፣ ከላይ ይሞላል። «ወጥ ከመሥራት አይከብድም» ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷም ወጥ ሠርቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን ሳልመልስ ከመኪናው ሥር ገባሁ።

ማፍሰሱ ላይ የሚወጣልኝ ነውር የለም። ከሥር የሞተሩም የካምቢዮውም ዘይት መፍሰሻ ቡሎን እንዳለ፣ ስንቱ የቅዳሜ መካኒክ ተሳስቶ የሞተሩን ዘይት ደፍቶ ካምቢዮውን ከልክ በላይ እንዳጠገበ ሰምቻለሁና ሁለት ጊዜ አይቼ ፈታሁ። አዲሱ ዘይት እንደ ከርከዴ ሻይ ቀይ ነው፤ የወረደው ግን አቦል ቡና ይመስል ነበር። ሦስት ሊትር ግድም ፈሶ ቆመ። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ እንደሚያድርና በአንድ ማፍሰስ ሁሉም እንደማይወጣ ስለማውቅ አልደነገጥኩም፤ የወረደውን ለክቼ ያንኑ ያህል ሞላሁ። እስከዚህ ድረስ ምስክር ይቁጠሩብኝ፣ አልፈራም።

መዘዙ መሙያው ላይ ነው። የመኪናዬ ካምቢዮ ዘይት የሚሞላው መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀጭን ቧንቧ ሲሆን፣ ቧንቧው ያለው ከአየር ማጣሪያው ሣጥንና ከወፍራሙ የጎማ ቱቦ ሥር ተሸጉጦ ነው። እኔ የያዝኩት አፉን ቆርጬ ቱቦ የቀጠልኩበት የውኃ ፕላስቲክ ነበር። እጄ አልገባ ሲል በካቻቢቴ የቱቦውን ማጥበቂያ ቀለበት ላላ አደረግኩና ሣጥኑን ከነቱቦው ገፋ አድርጌ ሞላሁ። ከዚያም ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ። «መለስኩ» የምትለዋን ቃል ያስምሩባት፤ እንመለስባታለን።

የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው፤ የእኔዋ ካምቢዮ ግን ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ በየቦታው ሁሉ ዞሮ ወደ ማቆሚያው ከተመለሰ በኋላ ካልሆነ እውነቱን አይናገርም። ቁልፉን አዞርኩ። እርስዎ መጡ። ዱብ... ዱብ ዱብ... ፀጥታ... ዱብ! ማርሚታው እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያስላል፤ ኮፈኑ ይርገፈገፋል፤ መለኪያው ዘንግ በእጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ዘይቱ የቱ ጋ እንደደረሰ ማንበብ አቃተኝ። ድመታችን ከውኃው ታንከር ኋላ ገባች፤ እስከ ማታ አልወጣችም።

ጠባይዎን ለማጥናት ጊዜ ወሰደብኝ። በሞጆ መንገድ ነዳጅ ረገጥ አድርጌ ስሄድ ትንፍሽ አይሉም፤ ጨዋ የጨዋ ልጅ ነዎት። ከተማ ገብተን ፍራንኮ ጋ ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ ሲያቆመን፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኛ ላይ ሲጥል፣ ያን ጊዜ መንተባተብዎን ይጀምራሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ መኪናዋን ብርድ መታት እንዴ?» አለኝ። በዚያ ሙቀት! እርስዎ ሲስሉ እኔ ላቤን እጠርግ ነበር።

የሰፈራችንን ሐኪሞችም ያውቋቸዋል። በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩት ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው፣ ኮፈን ሳይከፈት፣ «ካንዴላ ነው» ብለው ፈረዱ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉ አራት አዲስ ካንዴላዎች ገዛሁ። እርስዎ አልተነቃነቁም። ባለሱቁ ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል አለ። ሦስተኛው ምንም ሳያይ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ሳይብስባት ሽጣት» ካለኝ በኋላ፣ ይገርምዎታል፣ ገዢም በእጁ ነበር።

እኔ በልቤ ከሦስተኛው ጋር ነበርኩ። ዘይቱን ቀየርኩ፣ በዚያው ሰዓት እርስዎ መጡ፤ እንግዲህ ከካምቢዮው ሌላ ማን ይጠረጠራል? ማርሹ ማቆሚያው ላይ ሆኖ፣ መኪናዋ ንቅንቅ ሳትል፣ ካምቢዮው የሚገፋው ጎማ ሳይኖር እርስዎ ዱብ ዱብ ማለትዎን በዓይኔ እያየሁ፣ ያንን ምስኪን ካምቢዮ አሥራ አንድ ቀን ያለ ዋስ አሰርኩት። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት ስትበራ እንኳ ካምቢዮው አቤቱታ ያቀረበ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ የልጄ እኩያ ነው። መሣሪያውን ሰክቶ ፒ 0171 የሚል የብልሽት ኮድ አነበበ፤ ለነዳጁ አየሩ በዝቷል ማለት ነው አለኝ። ከዚያ ወደ ካምቢዮው ዞር ብሎም ሳያይ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ የነኩት ምንድን ነው?»

«የካምቢዮ ዘይት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ወደ ካምቢዮው ለመድረስ ያነሡት ነገርስ?»

ዝም አልኩ። ልጁ መልሴን ሳይጠብቅ የጎማውን ቱቦ በመዳፉ አቅፎ ጨመቀው። እርስዎ ዱብ እንዳሉ አረፍተ ነገርዎን ሳይጨርሱ ጸጥ አሉ። ለቀቀው፣ ተመለሱ። ጨመቀው፣ ጸጥ። ቱቦውን ገልበጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ክፍተት አሳየኝ፤ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ ናት። ያ በኩራት ያጠበቅኩት ቀለበት ገሚሱ ቱቦው ላይ፣ ገሚሱ ባዶ ላይ ተጣሞ ተቀምጧል። «መለስኩ» ያልኩት ይኸው ነው።

ለካ ከማጣሪያው አጠገብ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ልክ ነዳጅ ይመድባል። እርስዎ የገቡት ከሴንሰሩ አልፎ በሞተሩ በኩል፣ ቆጣሪ ሳያይዎት ነው። መኪናዋ ስትቆም ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ የእርስዎ ስርቆት ጎልቶ ይታያል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ግን በዋናው በር ብዙ አየር ስለሚገባ በግርግሩ መሐል ይሰወራሉ። የሞጆ መንገድ ጨዋነትዎ ምሥጢሩ ይህ ነበር።

እስቲ ከቦታ ሁሉ አዳማ ላይ! እዚህ እኮ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሽው የሚለው ነፋስ ሁሉ በቆጣሪ ተለክቶ ኤሌክትሪክ በሚሆንበት አገር፣ አንተ በጥፍር ስንጥቅ ገብተህ ያለ ቆጣሪ ስትንደላቀቅ አታፍርም? አንተ የነፋስ ሌባ!

ይቅርታ ክቡር ሆይ፤ አንቱታው አምልጦኝ ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ የተወው ማን እንደሆነ ልጁ በዓይኑ ጠቁሞኛል፣ በአፉ ግን አልተናገረም። ቱቦውን እስከ ከንፈሩ ገፍቶ፣ ቀለበቱን አቃንቶ፣ ካቻቢቴውን ጥቂት ዙር አዞረ። ኮዱን አጠፋ። ሒሳብ ስለው «ለቡና የሚሆን ይስጡኝ» አለ። ለአንድ ቀለበት ያን ያህል ጊዜ አልፈጀበትም፤ የፈጀበት ሳቁን መያዝ ነበር።

ካምቢዮውን በነጋታው ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዘይቱንም እንደ ደንቡ ሞተሩ እየሠራ ለካሁት፤ ልክ ነው። የአሰቡ ጋሼ ግን ዛሬም አልተረቱም። መኪናዋ ጸጥ ብላ በበራቸው ስታልፍ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አላልኩህም? ካንዴላ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው!» ይሉኛል። አሮጌዎቹን አራት ካንዴላዎች በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ምንም አልነበረባቸውም።

እንዳይመለሱ ከሚመኝልዎት፣
የኮድ 2 ባለቤት፣ አዳማ

ማስታወሻ፦ በመጪው ቅዳሜ የፍሬን ዘይቱን ልቀይር አስቤ ነበር። ካቻቢቴዬን ግን ከሰኞ ጀምሮ አጥቼዋለሁ። ባለቤቴ «አላየሁም» ትላለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ ወደ ዱቄት ዕቃው ይሄዳል።